ለጊዜው የታሰረች ሽቦ

ብዙአየሁ ያቺን ቀይ መኪና «አንድ ቀን በቁሟ አቃጥላታለሁ» እያለ አምስት ዓመት ሲዝት ኖሮ፣ ማክሰኞ ጠዋት በገዛ ጋራዡ በር ላይ ከጎታች መኪና ስትወርድ አያት። ያመጣቻት ደግሞ ሌላ ሰው አይደለችም፤ እኅቱ አምሳለ ናት። ከዘራዋን አስቀድማ ከሹፌሩ ጎን ወረደችና መኪናዋ የምትቆምበትን ቦታ በእጇ አሳየችው።

«እኔ ጋ?» አላት ብዙአየሁ። «ከተማው መካኒክ አጥቷል እንዴ?»

«ቁጣህን ለሌላ ቀን አቆየው ጋሼ። የህንጻው ማኔጀር ፓርኪንጉን እስከ ወር መጨረሻ ክሊር አድርጊ ብሎኛል። ሶ፣ ሐሙስ አንድ ሰውዬ ከፓሳዴና መጥቶ ቴስት ድራይቭ አድርጎ ይወስዳታል። ባትሪ ቀይሬላት ሞተሯ ተነስቷል፤ ማርሽ ግን አልቀበልም አለች። አስተካክለህ ገላግለኝ።»

«ባለቤቱስ ምን አለ?»

«ለይኩን ከቤት ከወጣ ወዲህ ስለ እሷ አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም። ወረቀቱ በሁለታችንም ስም ነው።»

ይህን ብላ ደጃፉ ላይ ካለችው የፕላስቲክ ወንበር ተቀመጠችና ቀኝ እግሯን በእጇ አንስታ ዘረጋችው። ብዙአየሁ ያንን እግር ባየ ቁጥር ደሙ ይፈላል። ዛሬም ፈላ።

ታሪኩን ጋራዡ ባለበት በፌርፋክስ ሰፈር ዙሪያ የማያውቅ ሐበሻ የለም። ለይኩን የአምሳለ ባል ነው። ሥራው ታክሲ መንዳት፣ ዕረፍቱም መንዳት ነበር። ይቺን በፈረንጅ አቆጣጠር በ1968 የተሠራች፣ ባለ ስምንት ሲሊንደርና ባለ አራት ማርሽ አሮጌ መኪና ከሚስቱ ቀጥሎ ይወዳት ነበር፤ ቅደም ተከተሉን የሚጠራጠሩም ነበሩ። ከአምስት ዓመት በፊት አንድ ቅዳሜ፣ ሚድ ሲቲ በሚኖሩበት ህንጻ ሥር ወደኋላ አስገብቶ ከግድግዳው አጠገብ አቆማት። አምሳለ ከኋላ ዕቃ ልታወጣ በመኪናዋና በግድግዳው መሃል ገባች። ለይኩን ከወረደ በኋላ ሞተሩ ሲጠፋ ያሰማው ድምፅ አላማረውም። እንደገና ሊሰማው ብሎ እጁን በመስኮት ሰደደ፤ ማርሹን ነቅንቆ ዜሮ ላይ፣ ከማርሽ ውጭ፣ መሆኑን አየ፤ ቁልፉን አዞረ። የዚያ ዘመን መኪና የፍሪሲዮን ፔዳል ካልተረገጠ አልነሳም የምትል አይደለችም። ማርሽ ውስጥ ካለች ዘላ ትሄዳለች። ዘለለች፣ ወደኋላ።

«ዜሮ ላይ ነበረች» አለ ለይኩን፤ ለፖሊሱም፣ ለሐኪሙም፣ ለቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችም። ሽማግሌዎቹ ሊያስታርቁ ሲቀመጡ የጠየቁት ቀላል ነገር ነበር። «ማርሽ ውስጥ ረስቼ ነው፣ አጥፍቻለሁ በልና ይለቅ» አሉት። እሱ ለእግሯ እንባውን አፈሰሰ፣ ወድቆ ይቅርታ ለመነ፤ «ረስቼ ነው» ማለትን ግን እንቢ አለ። ታዲያ ምን አንቀሳቀሳት ሲሉት አቀርቅሮ ዝም። ያኔ ብዙአየሁ ተነሳ። የሠላሳ ዓመት መካኒክ ነው፣ ቃሉ ይከብዳል።

«መኪና በራሷ ማርሽ አታስገባም» አለ ጠረጴዛውን በመዳፉ መትቶ። «ይሄ ሰውዬ እኅቴን ሰብሮ ሲያበቃ ይዋሻል።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ያን ዕለት ግን ወለምታ መሆኑን ማንም አልጠረጠረም፤ አምሳለም ጭምር። የእግሬን ጉዳት እችለዋለሁ፣ ውሸቱን ግን አልችልም ብላ ባሏን ከቤት አስወጣች። ለይኩን ክሬንሾው አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራየ፣ መጋዘን ውስጥ ሥራ ያዘ፣ መሪ የሚባል ነገር ዳግመኛ አልጨበጠም። መኪናዋም ሸራ ለብሳ እዚያው ከግድግዳው ሥር ቀረች። ብዙአየሁ አንድ ቀን እንኳ ጎንበስ ብሎ አላያትም፤ ምን ሊያይ?

አሁን በክሪክ አነሳት፣ ድጋፍ አስገባላት፣ እየተነጫነጨ በጀርባው ከሥሯ ገባ። የአምስት ዓመት አቧራ ዓይኑ ላይ ወረደበት።

የእነዚህ መኪኖች የማርሽ ነገር ምስጢር የለውም፤ ሁሉም በግልጽ የተሰቀለ ነው። ሹፌሩ ከሚይዘው እጀታ ሥር ሦስት ቀጫጭን ብረቶች ወደ ማርሽ ሳጥኑ፣ ወደ ካምቢዮው፣ ይሄዳሉ። አንዱ ለአንደኛና ለሁለተኛ፣ አንዱ ለሦስተኛና ለአራተኛ፣ የቀረው ለኋላ ማርሽ ነው። እያንዳንዱ ብረት ከካምቢዮው ክንድ ጋር የሚያያዘው ጥፍር በምታክል ክሊፕ ነው። እሷ ከወደቀች ብረቱ ይወልቃል፤ ላይ ያለው እጀታ የፈለገውን ቢል ታች ያለው ካምቢዮ አይሰማም።

የኋላ ማርሹ ብረት ወልቆ ተንጠልጥሏል። ክንዱ ግን ኋላ ማርሽ ላይ እንደገባ ነው።

ብዙአየሁ የካምቢዮውን ክንድ በጣቱ ነካ አደረገው። ከዚያ ክው አለ። እጀታው ዜሮ ላይ፣ ካምቢዮው ኋላ ማርሽ ላይ። ለይኩን ወደኋላ አስገብቶ ሲያቆማት ብረቱ ወልቋል፤ እጀታው ወደ ዜሮ ሲመለስ ካምቢዮው እዚያው ቀርቷል። ሰውየው አልዋሸም። አምስት ዓመት ሙሉ እውነት ሲናገር ነበር።

ድንጋጤው ግን ገና መጀመሩ ነው። ክሊፑ የት ገባ ብሎ በባትሪ ሲፈልግ፣ በካምቢዮው ክንድ ቀዳዳ ውስጥ የተበጠሰ ሽቦ አገኘ። ዓይኑ ሳያውቀው ጣቱ አወቀው። ሦስት ዙር ጥምዝ፣ ወደ ግራ፣ ጫፏ እጅ እንዳትወጋ ወደ ውስጥ የታጠፈች። ብዙአየሁ ግራኝ ነው። አሰብ መንገድ ላይ የከባድ መኪና መካኒክ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ሽቦ የሚያስረው እንዲህ ነው፤ እንዲህ አድርጎ የሚያስር ሌላ ሰው ደግሞ አይቶ አያውቅም።

ትዝ አለው። ከአደጋው ሁለት ሳምንት በፊት ሠርግ ሊሄዱ ሱፍ ለብሰው ሳለ ለይኩን «ጋሼ፣ ኋላ ማርሿ አንዳንዴ እንቢ ትለኛለች» አለው። እሱ ካርቶን አንጥፎ ከሥሯ ገባ፤ ክሊፑ ወድቋል። በአስር ደቂቃ በሽቦ አሰራትና እጁን በመሐረብ ጠረገ። «ለጊዜው ነው፤ ሰኞ ክሊፕ አስገባልሃለሁ» አለው። ሰኞ ሌላ ሥራ መጣ። አገር ቤት ለጊዜው የታሰረ ሽቦ ዓመት ይሄዳል፤ ማን ያስታውሰዋል? ረሳው።

ክሊፕ እንደሆነ መሳቢያው ውስጥ ሞልቷል። ሽቦዋን ኪሱ ቢከታት፣ ክሊፑን ቢያስገባ፣ መኪናዋ ሐሙስ ፓሳዴና ትሄዳለች፣ ነገሩም አብሯት ይሄዳል። ይህን እያሰበ መሆኑን ሲያውቅ በራሱ ይበልጥ ደነገጠ።

አንገቱን ሲያዞር የአምሳለ ጫማዎችና የከዘራዋ ጫፍ ፊቱ አጠገብ ቆመዋል። ባለፈው ክረምት የከዘራው ጎማ እየወለቀ ሲያስቸግራት በሽቦ ያሰረላት እሱ ነበር። ሦስት ዙር፣ ወደ ግራ፣ ጫፏ ወደ ውስጥ።

«አገኘኸው?» አለች ከላይ።

ተንሸራቶ ወጣ። አመዱ ቡን ብሏል። የተበጠሰችውን ሽቦ መዳፉ ላይ አድርጎ ዘረጋላት።

«ይሄ ምን ይዞ ነበር?» አለችው።

«የኋላ ማርሹን።»

«ሲበጠስስ?»

«እላይ ዜሮ ነው። እታች ኋላ ማርሽ።»

አምሳለ ከዘራዋን አነሳችና ጫፉን ከመዳፉ አጠገብ አመጣችው። ሁለቱን ሽቦዎች እያፈራረቀች አየች። ከዚያ መኪናዋን ተደገፈች።

«ዜሮ ላይ ነበረች» አለች ለራሷ።

«የኔ እጅ ነው አምሳለ። ረስቼው...»

«አየሁት።»

ስልኳን አወጣች። አምስት ዓመት ያልደወለችበትን ቁጥር ነካች። ስፒከር ላይ አድርጋ ዘይት በነካው እጁ ላይ አስቀመጠችለት። «አንተ ንገረው።»

«ሄሎ?» አለ የለይኩን ድምፅ። «አምሳለ? ደህና ነሽ?»

«ብዙአየሁ ነኝ» አለ። «ለይኩን፣ መኪናዋ ሥር ገብቼ ነበር። ዜሮ ላይ ነበረች። እኔ ያሰርኳት ሽቦ ተበጥሳ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ከወዲያ የአውቶቡስ ድምፅ ተሰማ።

«አውቃለሁ ጋሼ» አለ ለይኩን።

«ምን?»

«በሳምንቱ ከሥሯ ገብቼ አይቼዋለሁ። የርስዎን እጅ ማን ያጣዋል?»

ብዙአየሁ መሬት ላይ ተቀመጠ። «አይተህ ነው ሽማግሌ ፊት ስሰድብህ ዝም ያልከኝ? ለምን?»

«እሷ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። አባት የላት፣ እናት የላት፣ ያላት እርስዎ ብቻ ነዎት። ባል ቢጠፋ ባል ይገኛል ብዬ ነው ጋሼ። ወንድም ከየት ታመጣለች?»

አምሳለ ስልኩን ከእጁ ወሰደችው። እንባዋ በአገጯ ይወርዳል፤ አልጠረገችውም።

«የት ነህ?» አለች።

«ፒኮ መንገድ ላይ። አውቶቡስ ውስጥ ነኝ፣ ወደ ሥራ።»

«ፌርፋክስ ሲደርስ ውረድ» አለችው።

ከዘራዋን አስተካክላ ማዕዘኑ ላይ ወዳለው የአውቶቡስ ፌርማታ መራመድ ጀመረች። ብዙአየሁ ተነስቶ ሊደግፋት እጁን ዘረጋ፤ እሷ ግን ዞር ብላ አላየችውም።