ከበላይ የመጣ አቅጣጫ

ወላሂ፣ ዲሽ መትከል ከጀመርኩ አስር ዓመት አልፎኛል፤ ሳተላይት በስብሰባ የሚፈልግ ሰው ግን ያየሁት ሸዋሮቢት ላይ ነው።

የእትዬ ራቢዓ ልጅ ረድዋን ዐረብ አገር በቁርኣን ውድድር ሊቀራ ነበር። እናቱ ካዩት አራት ዓመታቸው ነው። ውድድሩን በቀጥታ የሚያሳየው ጣቢያ ሲግናሉ ደካማ ስለሆነ ትንሽ ሳህን አይስበውም። ትልቅ ዲሽ ያለው ደግሞ ቀበሌው ብቻ ነው፤ እሱም አዳራሹ ደጃፍ ተጋድሞ ዶሮ ይሰፍርበታል። ሴትየዋ ሊቀመንበሩን አቶ አሰግድን ለምነው አስፈቀዱና እኔ በድሩ ተጠራሁ።

ምሰሶውን አቁሜ ዲሹን ወደ አፋር፣ ወደ ምሥራቅ ሳዞር አቶ አሰግድ ብቅ አሉ።

«ማን ባስቀመጠው አቅጣጫ ነው?»

«ሳተላይቱ ያለው በዚያ በኩል ነው፣ ጋሼ።»

«አቅጣጫ የሚመጣው ከላይ ነው! ወደ አዲስ አበባ አዙር!»

«ይኼም እኮ ከላይ ነው፤ ከሰማይ!» ብል ማን ይስማኝ። ኮሚቴ ሰብስበው እጅ አስወጡ፤ ሳተላይቱ በሙሉ ድምፅ ተሸነፈ። ዲሹ ፊቱን ወደ አዲስ አበባ አዞረ፤ እንዳልነካውም ሚሊሻ ቆመበት።

አስር ሰዓት ላይ ውድድሩ ተጀመረ። እኛ ዘንድ ሰው በሞላው አዳራሽ ውስጥ ቴሌቪዥኑ «ሲግናል የለም» ይላል። እትዬ ራቢዓ አዲስ ሻሻቸውን አስረው ከፊት ተቀምጠዋል።

«በድሩ፣ ልጄ መቼ ነው የሚወጣው?» አሉኝ።

ደጅ ወጣሁና ማንም ያልደወለበትን ሞባይሌን ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩ። «እሺ ጌታዬ! አሁኑኑ ጌታዬ!» እያልኩ ጮህኩ።

አቶ አሰግድ እየሮጡ መጡ። «ማነው?»

«ከዞን ነው። አዲስ አቅጣጫ ተቀምጧል፤ ወደ ምሥራቅ!»

ስብሰባ የለ፣ እጅ ማውጣት የለ። ሚሊሻውን ገፍትረው ዲሹን ራሳቸው ታቅፈው አዞሩት። እኔም ቀስ በቀስ እያስጠጋሁ ሲግናሉን ያዝኩና ብሎኑን አጠበቅሁ።

ምስሉ ሲመጣ አንድ ወጣት ጨርሶ ከመድረክ እየወረደ ነው። የታየው ጀርባው ብቻ ነበር።

«እሱ ነው» አሉ እትዬ ራቢዓ። «ስንት ዘመን ያጠብኩት ጀርባ ይጠፋኛል?» አለቀሱ።

አቶ አሰግድ አጨበጨቡ። «አመራሩ በወቅቱ አቅጣጫ ባያስቀምጥ ኖሮ ጀርባውንም አያዩም ነበር!»

እትዬ ራቢዓ እንባቸውን ጠርገው ዞር አሉ። «እውነትዎን ነው። የእናንተንም ጀርባ አላህ ያሳየኝ።»

«አሚን!» አልኩ። አዳራሹ፣ ሚሊሻውም ሳይቀር፣ በሙሉ ድምፅ አጸደቀው።