ከሶር ያልመጣችው ንግሥት

መቱ መናኸሪያ ያሉ ባጃጅ ነጂዎች «ደቅሲሳ ሊዘንብ ነው ካለህ ልብስህን አስጣ» ይላሉ። እሱም አብሯቸው ይስቃል። ከአምስተኛ ክፍል ጥሎ የወጣ ሰው ምላስም ካጣ ምን ሊሆን ነው?

የሚያዝያ የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ ባባራ ማግስት ጋሼ ወልደ ማርያም አስጠሩት። ጋሼ ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ አሁን ሥራቸው ጉንዳን ሆኗል። መደርደሪያቸው ላይ በየብልቃጡ የጉንዳን ንግሥት አለች፣ በየብልቃጡም የተያዘችበት ቦታና ቀን ተጽፏል። የመቱ አለች፣ የጎሬ አለች፣ የበደሌ አለች። ፏፏቴው ያለበት የሶር ጫካዋ ግን የለችም፤ ጉልበታቸው ቁልቁለቱን እምቢ ብሏቸዋል።

«ዛሬ ንግሥቶቹ በርረው ይወጣሉ» አሉት። «መሬት ሲወርዱ ክንፋቸውን ይጥሉታል። ትልቅ፣ ደረቷ ያበጠ፣ ክንፍ የሌላት ካየህ እሷ ናት። ከሶር ጫካ ብቻ! ከመንገድ ዳር ለቅመህ እንዳታመጣልኝ።»

«ኧረ ጋሼ! ለርስዎማ ባሮ ድረስ እሄዳለሁ!»

ብልቃጡን ኪሱ ከቶ ወጣ። ጆተኒ ቤቱ በር ላይ ጓደኛው ሂካ ያዘው። «አንተ ፈሪ፣ ትናንት ስድስት አግብቼብህ ዛሬ ወዴት ነው ሽሽቱ?» ይህን ሰምቶ ማን ያልፋል? ሲወጣ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ሶርን ትቶ ባጃጁን ሊያሳጥብ ሄደ።

ከማጠቢያው ጀርባ ግንቡ ሥር ቁጭ ብሎ ፀሐይ ሲሞቅ አንዲት ጥቁር፣ ወፍራም፣ ክንፏን የጣለች ጉንዳን ጫማው ላይ ወጣች። «ይኸው፣ በእግሯ መጣች!» አለና ብልቃጡ ውስጥ አስገባት። ከዚያ የእጥበቱን ጭቃ በእጁ እየዛቀ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ቀባው።

«ጋሼ፣ ለትንሽ ተረፍኩ! ከፏፏቴው በላይ የወደቀ ዛፍ አለ፣ ከሥሩ ሳወጣት አንሸራተተኝና...»

የጋሼ ባለቤት እትዬ ሀረገወይን አማተቡ። «የሰው ልጅ ለጉንዳን ይሙት? አውልቅ ሱሪህን!» የባላቸውን ሱሪ አልብሰው፣ የሱን በገዛ እጃቸው አጥበው አሰጡት። ደቅሲሳ ያኔ እውነቱን ሊነግራቸው አፉን ከፈተ፤ ቂጣ ሲቀርብለት ግን ጎረሰበት።

ጋሼም ብልቃጡ ላይ ለጠፉ፦ «ሶር፣ ከፏፏቴው በላይ፣ ከወደቀ ዛፍ ሥር። ያዥ፦ ደቅሲሳ።»

ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ጠዋት እትዬ ሀረገወይን ባጃጁን መንገድ ላይ አስቆሙት።

«ምን ዓይነት ጉድ ነው ያመጣህብኝ ልጄ? ሰውዬው እህል አይቀምስም። የወገቧን ጉብታ ይቆጥራል፣ የአንቴናዋን አንጓ ይቆጥራል፣ መጽሐፉን ይገልጣል፣ ደግሞ እንደገና ይቆጥራል። አይኔ ጠፋ እያለ ነው።»

ደቅሲሳ ተሳፋሪ መጫኑን ትቶ ሄደ። ጋሼ መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል፤ ንግሥቲቱ በብልቃጡ ውስጥ ከጥጡ ጥግ እንቁላሎቿን ታቅፋለች።

«ና ተቀመጥ» አሉት። «እንደኔ ቆጠራ ከሆነ ይቺ የግንብና የደረቅ መሬት ጉንዳን ናት፣ ፀሐይ ወዳድ። እርጥብ ጫካ ውስጥ አትኖርም። አንተ ያመጣሃት ደግሞ ከሶር ጫካ ነው። ስለዚህ ወይ መጽሐፉ ተሳስቷል፣ ወይ አይኔ።»

ደቅሲሳ ሦስተኛውን ጠበቀ። ጋሼ ሦስተኛ አልጨመሩም።

«መጽሐፉ ብዙ ሰው ያየው ነው። አይኔ ነው የጠፋው» አሉና ማጉያ መነጽራቸውን እጁ ላይ አኖሩለት። ሠላሳ ዓመት ከደረት ኪሳቸው ያልወጣችውን። «ካሁን በኋላ ላንተ ትሁን። ለዚህች ንግሥት ልትሞት አልነበር?»

ደቅሲሳ አንገቱ ድረስ ጋለ። መነጽሯን አይኑ ላይ አድርጎ ብልቃጡ ላይ አጎነበሰ። በሕይወቱ እንደዚያ ተጠንቅቆ ቆጥሮ አያውቅም።

«አንቴናው ስንት አንጓ አለው?» አሉት ጋሼ።

«አሥራ ሁለት።»

«ዱጋ? እውነትህን ነው?»

«ሁለቴ ቆጠርኩ።»

«ወገቧስ?»

«አንድ ጉብታ።»

ጋሼ ጉልበታቸውን ረስተው ብድግ አሉ። «እኔም ያልኩት እሱኑ ነው! እንግዲያው አይኔ ደህና ነው፣ መጽሐፉ ነው የሳተው! ሀረግዬ! የጫካ ዘር አግኝተናል፣ ማንም ያላያት! ስልኬን አምጪልኝ፣ አዲስ አበባ ላለው ተማሪዬ ልንገረው። ስም ሲወጣላትም በዚህ ልጅ ስም ነው!»

እትዬ ሀረገወይን እልል አሉ። ጋሼ ቁጥሩን መፈለግ ጀመሩ። ስልኩ ጠራ። አንዴ። ሁለቴ።

«ጋሼ፣ ይዝጉት» አለ ደቅሲሳ።

«ምን ሆንክ?»

«ሶር አልሄድኩም።»

እልልታው መሃል ላይ ቀረ። ከስልኩ ውስጥ አንድ ሰው «ሃሎ? ጋሼ?» ሲል ተሰማ። ጋሼ «ይቅርታ ልጄ፣ ተሳስቼ ነው» ብለው ዘጉት። ደቅሲሳ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ደስ ባለው ነበር፤ ተሳስቼ ያሉት እኮ እሳቸው ናቸው።

«የት ነው የያዝካት?»

«ባጃጅ ማጠቢያው ጀርባ። ግንቡ ሥር።»

«ፀሐይ ያገኘዋል?»

«ያገኘዋል።»

«ጭቃውስ?»

«የማጠቢያው ነው። እኔ ነኝ የቀባሁት።»

እትዬ ሀረገወይን እጃቸውን አዩ፣ ከዚያ ያጠቡለትን፣ ዛሬም የለበሰውን ሱሪ አዩ፣ ወደ ጓዳ ገቡ። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር፤ ስድብ ለምዷል።

ጋሼም አልተቆጡም። እስክሪብቶ ሰጡት። «ሰርዘህ በእጅህ ጻፍ።»

ደቅሲሳ ምላሱን አውጥቶ እንደ ሕፃን ጻፈ፦ «መቱ። ባጃጅ ማጣቢያ ግንብ ሥር።» ፊደሉ እንደ ሰካራም ተንጋደደ።

«ስሜንስ ልሰርዘው ጋሼ?»

«የያዝካት አንተ ነህ። ይኑር።» መነጽሯን ከእጁ ወስደው ደረት ኪሳቸው ከተቱ። እሱን ግን ቀና ብለው አላዩትም።

ውጭ ባጃጁ አጠገብ ሁለት እንግዶች ካሜራ አንግተው ይጠብቃሉ። «ወንድም፣ የሶር ፏፏቴ መንገድ በየት ነው?»

የመቱ ልጅ ሆኖ ሶርን የማያውቅ የለም። ደቅሲሳ የታጠበውን ሱሪውን ጉልበት እያየ «አላውቀውም» አላቸው።