በማውሊን ኮክ ላይ የወጣ ነጭ አበባ

ጁሲየን ባሏ ከሞተ ወዲህ ብዙ ነገር ችላ ኖራለች፤ የጎረቤቷን የማውሊንን ምላስ ግን መቻል አቃታት። ሰውየው ሚስቱን ከቀበረ ጀምሮ ሥራው የኮክ ዛፉን ማሞገስ ብቻ ሆኗል። አንድ ቀን ገበያ መሃል፣ «የጁሲየን ፕሪም እኮ ልብስ ማስጫ ነው» ብሎ ሰው አሳቀባት።

እሷም አብራ ሳቀች። በልቧ ግን «ቆይ ብቻ» አለች።

ማውሊን የጨረቃውን አዲስ ዓመት ሊውል ጂናን ከተማ ልጁ ዘንድ ሄደ፤ ብርዱ ሲለዝብም አልተመለሰም። ጁሲየን እርጅናዋን ረስታ፣ ቢላዋዋን ስላ አጥሩን ዘለለች። ከኮኩ አንድ ቅርንጫፍ ቆርጣ ዛፉ ላይ የቀረውን ጉቶ ሰነጠቀች፤ የፕሪም ቀንበጧን እንደ ሽብልቅ ጠርባ ስንጥቁ ውስጥ ሻጠች። ከልጣጩ ሥር ያለውን አረንጓዴ ከአረንጓዴ አገጣጥማ፣ በላስቲክ ጠፍራ ጭቃ መረገችበት።

ከዚያ በኋላ ሰላም አጣች። ለተንኮል የተከለችው ቀንበጥ አንጀቷን በላው፤ ማውሊን ከተመለሰም በኋላ፣ ማለዳ ማለዳ የተደፋ ባልዲ ላይ ቆማ አጥሩን አሻግራ ታያለች። ቀንበጡ አቆጠቆጠ። ቁስሉም ዙሪያውን አብጦ፣ እንደ ተጠገነ አጥንት ሁለቱን እንጨት አንድ አደረጋቸው።

በሁለተኛው ጸደይ ኮኩ ሮዝ አበባውን ሲያፈነዳ፣ መሃሉ ላይ አንድ ቅርንጫፍ ነጭ ለብሶ ብቅ አለ። መንደርተኛው ተሰበሰበ።

«ምን ጉድ ነው፣ ጋሼ ማውሊን?» አለች ጁሲየን። «ዛፍዎ ሸበተ እንዴ?»

ማውሊን መጋጠሚያውን ዳበሰ። «ቀንበጡን የቀጠለው ሰው እጁ ደህና ነው። ማሰሪያውን ግን አጥብቆት ኖሮ፣ አምና እኔ ባላላለት ታንቆ ይደርቅ ነበር።»

«ውሸት ነው፤ በልኩ ነው ያሰርኩት» አለች፤ አመለጣት።

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እሷን የከነከናት መጋለጧ አልነበረም። ይሄ ሽማግሌ ዓመት ሙሉ እያወቀ ዝም ማለቱ ነው። ሰው ሲበተን ጠጋ አለችው።

«ለምን አልቆረጥከውም?»

«ከገጠመ በኋላ? ደግሞ ብቆርጠው፣ ማለዳ ማለዳ አጥሬ ላይ ብቅ የሚለውን ጭንቅላት ከየት አገኛለሁ?»

ጁሲየን ፊቷን አዙራ ቤቷ ገባች።

ፕሪሙ ሲደርስ «ዛፉ የኔ ነው»፣ «ቅርንጫፉ የኔ ነው» እየተባባሉ አብረው ለቀሙት። ማውሊን አንዱን ገመጠ። እንደ ሎሚ ይኮመጥጣል፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«እንዴት ነው?» አለችው።

«ደህና ነው» አለና እጁን ለሁለተኛው ዘረጋ።