አንድ መስመር ብቻ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የእሷን ግን ያወጣችው እናቷ ነበረች። በሰባት ዓመቷ የአሻንጉሊት ክንድ በጨርቅ ስትጠግን አይታ "ዶክተር" አለቻት፤ ጎረቤቱም ተቀበለ። ኮሌጅ ገብታ በመጀመሪያው ዓመት በኬሚስትሪ ስትወድቅ፣ ባዮሎጂንም በጭንቅ ስታልፍ፣ ያ ስም ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ሆነባት። "ዶክተር" ሲሏት አቤት ማለት ተወች።

ኬሚስትሪውን ደግማ ተመዘገበች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ በአንድ ክሊኒክ ላቦራቶሪ ብልቃጥ ታጥብ፣ ውጤት ወደ መዝገብ ትገለብጥ ጀመር። አንድ ቀን የተሳሳተ ቁጥር ጻፈችና በነጭ ማጥፊያ ሸፈነችው። ሽማግሌው የላቦራቶሪ ባለሙያ መዝገቡን ወደ መስኮቱ አዘንብለው አዩ።

"ይህን ማን ለሰነው?"

"እኔ ነኝ ጋሼ። ተሳስቼ ነው።"

"መሳሳትሽንማ አየሁ። ከሥሩ ምን እንደነበረ ነው የማላየው። ቀለም መቀባት ካማረሽ ግድግዳው ያውልሽ! እዚህ ስህተት አይጠፋም። እየተነበበ አንድ መስመር ይሰመርበታል። ትክክሉን ከላይ ጻፊ፣ ቀን ጨምሪ፣ ፈርሚ።"

በማግሥቱ የወደቀችበትን የፈተና ወረቀት ደብቃ ካስቀመጠችበት ፍራሽ ሥር አወጣችው። ሰረዘች፣ ጻፈች፣ ፈረመች። ሲያልቅ ወደ ባዮሎጂው ዞረች። የሁለተኛውና የሦስተኛው ዓመት ውጤቷ ተቃና።

የሕክምና ትምህርት ቤቱ ለቃለ መጠይቅ በጠራት ዕለት እናቷ እስከ ቢሮው በር ሸኘቻት።

"ስለ መጀመሪያው ዓመት ከጠየቁሽ ታምሜ ነበር በይ። ሰው አይታመምም እንዴ?"

"እማ!"

"ትንሽ ሳል ብትጨምሪበትስ?"

ሦስት መምህራን ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጠዋል። ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ "የኋላው ውጤትሽ ደህና ነው። መጀመሪያ ላይ ምን ነካሽ?" አሉ።

ሳሉ ጉሮሮዋ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው።

"ምንም አልነካኝም። ያልገባኝን ለመጠየቅ አፍሬ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ዶክተር እያለኝ እንዴት ልጠይቅ?" አለችና ያረመችውን የኬሚስትሪ ፈተና ወረቀት ከቦርሳዋ አወጣች።

ሰብሳቢዋ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። አንዱ ጥያቄ ላይ ቆሙ።

"አንድ እጅ አሲድ ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ሲደባለቅ ስንት እጥፍ ይቀጥናል? ዘጠና ብለሽ ነበር። ሰርዘሽ ዘጠኝ አልሽ።"

"አዎ፣ ዘጠ..."

አየችው። ውሃውን ብቻ ቆጥራ አሲዱን ራሱን ረስታዋለች። እርማቷም ስህተት ነበር። ፊቷ ጋለ፤ በአንድ አፍታ የሦስት ዓመት ልፋት ውሃ ሲበላው ታያት።

"እስክሪብቶ ያውሱኛል?" አለች።

ሰብሳቢዋ የራሳቸውን ሰጧት። በዘጠኙ ላይ አንድ መስመር አሰመረች፣ ከላዩ አሥር ጻፈች፣ የዕለቱን ቀን አስፍራ ፈረመች። መስመሩ ትንሽ ተወላግዷል። ዘጠኙ ግን ይነበባል።

ሰብሳቢዋ ወደ ባልደረቦቻቸው ዞሩ፤ ሁለቱም በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። እስክሪብቶውን ልትመልስ ስትዘረጋ፣ "ያዢው" አሏት። "ትምህርት ሲጀመር ይዘሽው ትመጫለሽ።"

ውጪ እናቷ ካግዳሚው ወንበር ብድግ አለች።

"ሳልሽ?"

"አልሳልኩም። ጤነኛ ነበርኩ አልኳቸው።"

"ወይ ጉዴ! ባዶ እጅሽን ወጣሻ!"

እስክሪብቶውን አሳየቻትና የተባለችውን ነገረቻት። እናቷ ተቀብላ አገላብጣ አየችው፣ በቀሚሷ ጫፍ ወለወለችው። ከዚያ ልጇ አጠገቧ ቆማ ሳለ፣ ከኮሪደሩ ማዶ ያለ ሰው እንደምትጠራ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተጣራች።

"ዶክተር!"

"አቤት፣ እማ።"