የግራው አፈሙዝ

ጋሪካይ የቅርቡን ማየት ሲሳነው ጥይት የመሥራቱን ነገር ለሚስቱ ለሹቫይ አስረከበ። የሩቁን ግን አሳምሮ ያያል። ጥቅጥቅ ባለው የሞፓኔ ዛፍ መሃል የዝሆን ጆሮ ውልብ ስትል ከዱካ ተከታዩ ከኬኒያስ ቀድሞ የሚያያት እሱ ነበር። ክር በመርፌ ዓይን አያስገባም፣ የሚዛን ምልክት አያነብም እንጂ።

በዳንዴ ቆላ በቆሎው እሸት ሲይዝ ዝሆን ከዱር አራዊት ፓርኩ ይወርዳል። ሰው ቆርቆሮ እየደበደበ፣ ችቦ እያበራ ይከላከላል፤ ያ አልበቃ ሲል የወረዳው ምክር ቤት ጋሪካይን ይጠራል። ሥራው ይሄ ነበር። ጎሳው የዝሆን ጎሳ ስለሆነ ሥጋውን ቀምሶ አያውቅም፤ ሰዎች ሲያከብሩት “ሳማኒያንጋ” ይሉታል፣ ባለ ጥርሱ እንደማለት። የገዛ ወገኑን እየገደለ በሰላም አያረጅም ብለው የሚያሙትም ነበሩ። እሱ ይሄን ሲሰማ፣ ወገኔማ ቢሆን ኖሮ በቆሎዬን ትቶ የጎረቤቴን ይበላ ነበር ብሎ ይስቃል።

ጠመንጃው ጋሪካይ ድሮ ተቀጥሮለት ይሠራ የነበረ አንድ ሽማግሌ አዳኝ አገር ለቆ ሲሄድ የተወለት ነው። ጎን ለጎን የተጣመሩ ሁለት ወፋፍራም አፈሙዞች፣ ሁለት ቃታ። አንዱን ስበህ አውሬው ካልወደቀ ጣትህን ወደ ኋላ ማንሸራተት ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ዝግጁ ነው። ከዝሆን ጋር ፊት ለፊት የገጠመ ሰው ከዚያ በላይ ጊዜ አይሰጠውም። ሽማግሌው ግራው አፈሙዝ የተሠራው ቀኙ ላሳፈረበት ቀን ነው ይል ነበር።

አውራ ጣት የሚያክለው ጥይቱ ግን በአገሩ አይሸጥም። ስለዚህ የተተኮሰው ቀለህ ተለቅሞ እንደገና ይሞላል። ከቂጡ ያለችው የተቃጠለች ቆብ ወጥታ አዲስ ትገባለች፤ መቺው ሲመታት እሳት የምትተፋው እሷ ናት። ከዚያ ባሩዱ ተመዝኖ ይገባል፣ ቀለሁ ሰፊ ስለሆነ ባሩዱ እንዳይንሸራተት በላዩ ጥቂት የትራስ ጥጥ ይጎሰጎሳል፣ መጨረሻ ላይ ዓረሩ በመጭመቂያ ይደፈናል። ሹቫይ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ልጇን ሩምቢን አስተምራ የዳረች ሴት ናት፤ እጇ አይንቀጠቀጥም፣ የጀመረችውን ሳትጨርስ ቀና አትልም። ጋሪካይ አጠገቧ ተቀምጦ የሚያውቀውን ሁሉ ነገራት። ዓመት ሳይሞላ እሱ ከሚሠራው የተሻለ ትሠራ ጀመር።

አንድ ጊዜ የለመዱት ባሩድ አልቆ ሌላ ዓይነት መጣ። ሲሞከር ሁለቱ አፈሙዞች ተጣሉ፤ የቀኙ ወደ ቀኝ፣ የግራው ወደ ግራ ይወረውራል። እንዲህ ያለ ጠመንጃ በአንድ በተወሰነ የጥይት ፍጥነት ሁለቱ አንድ ቦታ እንዲመቱ ሆኖ ነው የተገጣጠመው፤ ፍጥነቱ ሲለወጥ ይለያያሉ። ሹቫይ ባሩዱን ቆንጥራ እየጨመረች፣ እሱ ጉብታ ላይ ባቆሙት ካርቶን ላይ እየተኮሰ ሰነበቱ። ትከሻው በለዘ። በመጨረሻ ካርቶኑን ስታመጣ ሁለቱ ቀዳዳዎች ተነካክተው ነበር።

“እነዚህስ ታረቁ፤” አለች። “የቀረነው እኔና እህትህ ነን።”

“ለእናንተማ ባሩዱም አይበቃ፤” አለ ጋሪካይ፣ እየሳቀ ትከሻውን እያሸ።

ከዚያ በኋላ ለሰው ሁሉ ስለ እጇ ያወራ ነበር። የሹቫይ ጥይት አሳፍሮኝ አያውቅም ይላል። እሷ ትሽኮረመማለች፣ ደስ ግን ይላታል።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ክፉ ነበር። አንድ ቀን ማዕበሉ የዕቃ ቤቱን ቆርቆሮ ገልጦት አደረ፤ ሹቫይ ስትገባ የቆቦቹ ሳጥን ውሃ ላይ ተቀምጧል። ያላቸው ያ ብቻ ነው። ሐራሬ ያለ አንድ ወዳጃቸው አዲስ ልልክ ነው ካለ ቆይቷል፤ የጭነት መኪናው ግን መንገዱ ተቆርጦ ቀረ። ቆቦቹን በነጭ ጨርቅ ላይ ዘርግታ በጥላ አደረቀቻቸው። ደርቀው ሲያዩአቸው ምንም የሆኑ አይመስሉም። ሦስት ጥይት ሠርታ ወደ ጉብታው ወጡ።

የመጀመሪያው ተኮሰ፣ ሁለተኛውም። ሦስተኛው ላይ ሹቫይ የመቺውን ድምፅ ለብቻው ሰማች። ቀጭ አለ፤ ከዚያ ዓይን ጨፍኖ የመግለጥ ያህል ዝም ብሎ ነው የጮኸው።

“ዘገየች፤” አለችው።

ጋሪካይ ከጆሮው ጥጡን እያወጣ ምን አልሽ አላት። ደገመችለት። “ጆሮሽ ነው፤” አለ። “ሦስቱም ተኩሰዋል፣ ምን ቀራቸው?”

ጆሮዋ እንዳልሆነ ታውቅ ነበር። ግን ሌላ ቆብ የለም፣ እሱም ደስ ብሎታል፤ ተወችው። በዚያው ሳምንት ስድስት ሠርታ በቆዳ ቀበቶው ውስጥ ሰካቻቸው። ከድሮው የተረፉ ሁለት የፋብሪካ ጥይቶችም ነበሩ፤ እነሱን ዳር ላይ አደረገቻቸው።

ብዙ አልቆየም፤ አንድ ኮርማ ዝሆን ዛካሪያ የሚባሉትን ሽማግሌ በገዛ ማሳቸው ላይ ረግጦ ገደላቸው። የመንደሩ ሹም በማለዳ መጥቶ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠና፣ አስከሬኑ እንኳ ሙሉውን አልተገኘም፣ ሰዉ ማሳውን ትቶ ሊሸሽ ነው አለ። ጋሪካይ ጫማውን ማሰር ጀመረ።

ሹቫይ በሩ ላይ ቆማ፣ “የሩምቢ አባት፣ ዕቃው ከከተማ እስኪመጣ ብትቆይስ?” አለች።

“ለቀስተኞቹን ምን ልበላቸው? ሚስቴ ቆይ ብላኛለች ልበል?”

ሹሙ ፈገግ አለ። ሹቫይ ስለ ሦስተኛዋ ጥይት ልትናገር አፏን ከፈተች። በእንግዳ ፊት ባልን መሟገት ነውር መሰላት፤ የሠራችውን ሥራ ራሷ ማራከስም አሳፈራት። ቀበቶውን አቀበለችው፤ የተረፈ ሳድዛ፣ የበቆሎ ገንፎ፣ በቅጠል ጠቅልላ ለኬኒያስ ሰጠችው። ጋሪካይ ማታ እንገናኝ ብሎ ወጣ።

ፀሐይ ገና ሳትዘቀዝቅ ኬኒያስ ብቻውን መጣ። ጠመንጃው እንደተከፈተ ትከሻው ላይ ነው። ሹቫይ ስታየው ከስፌት መኪናዋ ተነሳች፤ እሱ ግን ግቢው አልገባም፣ አጥሩ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ መዳፎቹን አጣጥፎ ቀስ እያለ ያጨበጭብ ጀመር፤ መርዶ ነጋሪ እንደሚያደርገው። ምንም ሳይናገር ገባት።

ኋላ የነገራት አጭር ነው። ዝሆኑን ከወንዙ ዳር ካለው ቁጥቋጦ ውስጥ አገኙት። ነፋሱ ዞረባቸውና መጣባቸው። ጋሪካይ ቀኙን ተኮሰ፣ ዝሆኑ ተንገዳገደ፣ ግን አልወደቀም። ግራውን ሳበ።

“ቀጭ አለ፤” አለ ኬኒያስ። “ቀጭ ብቻ። ጠብቄ ነበር፣ ትዘገይ ይሆናል ብዬ። አልጮኸችም።”

“እሱስ?”

“ሊከፍተው ሞከረ፣ እትዬ። አልደረሰም።”

ዝሆኑ ቆስሎ ወደ ፓርኩ ሸሸ።

ለቅሶው ላይ ሁሉም የሚያወራው አንድ ነገር ነበር። ሳማኒያንጋን ጎሳው ወሰደው። የአያቶቹን ደም ሲያፈስ ኖሮ አያቶቹ ሂሳባቸውን ዘጉ። ሴቶቹ ከበሮ እየመቱ ይህንኑ በዜማ አወረዱት። ሹቫይ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ አንድ ቀን ሙሉ ሰማች። ከዚያ አጠገቧ ወደ ነበረችው ወደ ባሏ እህት ወደ ቴቴ ኤኒያ ዞራ፣ “ጥይቷ ናት የከሸፈችው። እኔ ነኝ የሠራኋት፤” አለቻት።

ቴቴ ኤኒያ ስትጣላት የኖረች ሴት ናት። ሹቫይ እንድትሰድባት፣ ፀጉሯን እንድትይዛት፣ ወንድሜን ገደልሽው ብላ እንድትጮህባት ተመኘች። ኤኒያ ግን አቀፈቻት። “ዝም በይ፣ ልጄ፤” አለቻት። “ሐዘን ብዙ ያናግራል። የሙታን ፈቃድ ሲሆን ጥይት ምን ያደርጋል?”

ለሹሙም ነገረችው። ሹሙ በትህትና ሰምቶ፣ ይህንን ለፖሊስ ባትናገሪ ይሻላል፣ ነገሩን ያወሳስበዋል አላት። ፖሊሶቹ መጥተው ጠመንጃውን ወሰዱ፤ ጥይቱን ማን እንደሠራው የጠየቃት የለም።

ሐዘንተኛው ሲበተን ኬኒያስ በመሐረብ የቋጠረውን ሰጣት፤ ግራው አፈሙዝ ውስጥ የነበረችው ጥይት ናት። ሹቫይ በሩን ዘግታ መሥሪያዋ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠቻት። ቆቧ መሃል ላይ የመቺው ጉድጓድ ጥልቅ ሆኖ ይታያል፤ ጠመንጃው የድርሻውን ሠርቷል። ዓረሩን በጉጠት ይዛ ነቀለችው። ጥጡ እንዳስቀመጠችው ነው። ባሩዱን ሚዛን ላይ ስታፈስሰው የሚዛኑ እጅ መስመሩ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ አንዲት ፍሬ አልጎደለም፣ አልተረፈም። የቀረችው ቆቧ ናት። ከቀለሁ ገፍታ አውጥታ በመርፌ ጫፍ ስትገልጣት ውስጧ ያለው ቅብ ጠቁሮ፣ የሻገተ ዳቦ መስሎ ተያይዟል።

ብዙ ሰዓት ተቀመጠች። አላለቀሰችም።

በማግስቱ ወደ ኬኒያስ ቤት ሄደች። አንድ ነገር ቀርቷት ነበር። ሁለቱ የፋብሪካ ጥይቶች የት ደረሱ አለችው። አንዷ ቀኙ ውስጥ ገብታ እንደነበር ገምታለች፤ ሌላዋስ?

ኬኒያስ መሬት መሬቱን አየ። “ይሄንን አትጠይቂኝ።”

“ንገረኝ።”

“እጁ ላይ ነበረች። ጣቶቹ መሃል ይዟት ነበር፣ ለማጉረስ። ስናነሳውም እንደያዛት ነው።”

“ለምን ግራው ውስጥ አላጎረሳትም?”

ኬኒያስ መልሱን ይፈራው እንደነበር ያስታውቃል። ቁጥቋጦው ጋ ሲደርሱ እሱም ይህንኑ ብሎት ነበር፤ ሁለቱንም የፋብሪካውን አድርጋቸው ብሎታል። ጋሪካይ ግን አንዷን ብቻ በቀኙ አጎረሰና ሌላዋን ለክፉ ቀን ትቆይ ብሎ ያዛት።

“ግራውን የእሷን አጎርሰዋለሁ አለ፤” አለ ኬኒያስ። “‘የፋብሪካውን ማን እንደሠራው አላውቅም፣ የእሷን አውቀዋለሁ’ አለኝ። እንዲህ ነው ያለው፣ እትዬ። ውሸት አልጨምርም።”

ሹቫይ አመሰገነችው። እንደ ወጉ ጉልበቷን አጥፋ፣ መዳፏን አጨብጭባ ተሰናበተችው፤ እንዴት ወደ ቤቷ እንደተመለሰች ግን አታስታውስም። እሱ ቢጠራጠራት ኖሮ በሕይወት ይኖር ነበር። ይህንን ለማን ትነግረዋለች? የሚወቅሳት እንኳ ጠፋ። የሞተው ሰው ራሱ ሳያማት ነው የሄደው።

ሩምቢ ወደ ከተማ ልትወስዳት መጣች፤ አልሄድም አለች። ዩኒፎርም ለማሰፋት የሚመጡትን ትመልሳለች፤ ክሩ መርፌው ዓይን ጋ ሲደርስ ጣቷ ይቆማል። የቀሩትን ቆቦች ጓሮ ጉድጓድ ቆፍራ ውሃ ሞልታ ጨመረቻቸውና አፈር አለበሰቻቸው። ባሩዱን በተነችው። ሚዛኑን ግን መስበር አቃታት፣ ጨርቅ አለበሰችው።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ምክር ቤቱ የላከው ሌላ አዳኝ መጣ። ትሁት ሰው ነው። ጠመንጃው ከፖሊስ ተለቆ ለእሱ ተሰጥቶታል። የቆሰለው ዝሆን ተመልሶ እንደታየ፣ ለጠመንጃው ጥይት የሚሠራ ሰው በወረዳው እንደሌለ ነገራት፤ አዲስ ቆብና ባሩድ ከሐራሬ ይዞ መጥቷል። “የእርስዎን እጅ አገሩ ሁሉ ነው የሚያመሰግነው፣ እማማ፤” አለ።

“ማን ነው የሚያመሰግነው?”

“ሁሉም። ሳማኒያንጋ ራሳቸው ለሁሉ ይናገሩ ነበር አሉ።”

“ባሌን የገደለው ይሄ እጅ ነው፤” አለች፣ መዳፏን ዘርግታ።

አዳኙ ፊቱን ወደ መሬት አቀረቀረ። ሐዘኗ ገና ትኩስ መሆኑን ባለማሰቡ ይቅርታ ጠይቆ፣ ዕቃውን ይዞ ሄደ። ሌላ የሚሠራለት አልተገኘም።

ዝሆኑ መጣ። አመሻሹ ላይ ሰዉ ቆርቆሮ ሲደበድብ፣ ሲጮህ ሹቫይ በሩ ላይ ተቀምጣ ሰማች። የእሷም ማሳ በዚያው በኩል ነው። አልተነሳችም።

ሲነጋ ሴቶቹ ከተረገጠው ውስጥ የሚበጀውን ለመልቀም ወጡ፣ እሷም ቅርጫቷን ይዛ ወጣች። አገዳው ሁሉ ተጋድሟል። የዛካሪያ ባለቤት የነበሩት አሮጊት ከጎኗ ሆነው ይለቅማሉ። “የአንቺ ባል እንኳ ለእኛ ብሎ ነው የሞተው። እግዜር ይስጥልኝ፤” አሏት።

ሹቫይ ልትመልስላቸው ፈለገች። የምትለው ሁሉ ተብሎ አልቋል፤ ማንም አልተቀበላትም። ጎንበስ ብላ አንድ የተሰበረ በቆሎ አነሳች፣ ልጣጩን ገለጥ አደረገች። ፍሬው ገና ውሃ ነው፤ ለሰው አይሆንም። ለፍየሎች ብላ ቅርጫቷ ውስጥ ጨመረችው።