ቅላቱን ያጠፋው ጠብታ

የፋርማሲስቷ ታላቅ ወንድም፣ አናጢው፣ መድኃኒት ቤቷ የመጣው ቀኝ ዓይኑ ደም መስሎ ነበር። እንጨት ሲልግ ስንጣሪ ገብቶበታል። ወረፋው በሩ ድረስ ስለነበር ፋርማሲስቷ በቅጡ እንኳ አላየችውም። ቅላትና እብጠት የሚያጠፋ ስቴሮይድ ያለበትን ጠብታ ከመደርደሪያው አንስታ ሰጠችው። የቆሰለ ዓይን ላይ እንደማይደረግ ጠፍቷት አይደለም፤ ቸኩላ ነው።

ቅላቱ ጠፋ። አናጢውም "እህቴ እኮ እጇ መድኃኒት ነው" እያለ ለጎረቤት ሲያወራላት ሰነበተ። ከዚያ ግን ብሌኑ ላይ ነጭ ጉም አረፈበት፤ ሕመሙ እንቅልፍ ነሳው። እሷው ራሷ ይዛው ወደ ዓይን ሐኪም ሄደች።

ሐኪሟ በመሣሪያዋ ስታየው ቆየች።

"ሰውነታችን ውስጥ ያረጀውን ሥጋ እየቆራረጡ ለአዲሱ ቦታ የሚያስለቅቁ ኢንዛይሞች አሉ" አለች። "እነሱ ባይኖሩ ቁስል አይሽርም። ልጓማቸው ሲላላ ግን ጤነኛውንም ይበላሉ። አሁን የዓይንህን መስታወት እያቀለጡት ነው። የቀሰቀሳቸው ከስንጣሪው ጋር የገባው ጀርም ነው፤ ጠብታው ደግሞ የሰውነትህን መከላከያ አዳክሞ ጀርሙን እንዳሻው አስፋፋው። ማን ነው የሰጠህ?"



"ከመንገድ ዳር ሱቅ ነው፤ ሻጩን አላውቀውም" አለ አናጢው፣ ወደ እህቱ ሳይዞር።

ሐኪሟ ጽፋ ስትጨርስ ወጡ። ኮሪደሩ ላይ ሲደርሱ ግን እህትየው ተመልሳ በሩን ገፋች።

"ጠብታውን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ፋርማሲስት ነኝ፤ ወንድሜ ነው።"

ሐኪሟ መነጽሯን አወለቀች። "ሁለተኛ አይልመድሽ" አለቻት።

ጀርሙን የሚገድል ጠብታና ኢንዛይሞቹን የሚገታ ክኒን ታዘዘለት። መቅለጡ ቆመ፤ ዓይኑ ሳይፈስ ተረፈ። ጠባሳው ግን መሃሉ ላይ ቀረ፤ በዚያ ዓይን ከብርሃን በቀር ምንም አይለይም። ሥራ ቢጀምርም ርቀት መገመት እያቃተው አውራ ጣቱን በመዶሻ ይመታል። ደንበኞቹ ሲያዝኑለት "ሲያነጣጥሩ አንዱን ይጨፍኑ የለ?" እያለ ያስቃቸዋል።

ሐኪሟ ያዘዘችውን ጠብታ የምታደርግለት እህቱ ናት። ሚስቱ ልሞክር ስትል "ተይ፣ እሷ ናት የምታውቅበት" ይላል።

"ምናለ ብትቆጣኝ" አለችው አንድ ቀን፣ ጠብታውን ይዛ።

"ልትረጂኝ ብለሽ አይደል እንዴ?"

"አይደለም። ወረፋው እንዲያልቅልኝ ብዬ ነው።"



"እሱን እንኳ ባትነግሪኝ ይሻል ነበር" አለና ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ ዓይኑን ከፈተላት።