ሁለተኛዪቱ ሻማ

በእኛ አገር ርስት በሐራጅ ሲሸጥ የሚፈርደው መዶሻ ሳይሆን ሻማ ነው። የመጨረሻው ተጫራች ዋጋውን ከጠራ በኋላ ውል አዋዋዩ የጣት ጥፍር የምታህል ሻማ ይለኩሳል፤ እርስዋ ስትጠፋ ሌላዪቱን ይለኩሳል። የሁለተኛዪቱ ጭስ እስኪወጣ ድረስ ዋጋ የጨመረ ካልተገኘ ርስቱ ለመጨረሻው ጠሪ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ልቅሶም ሙግትም አይመልሰውም።

በመንደራችን ላ ሞርዲዬር የተባለው ርስትም የተሸጠው በዚሁ ሥርዓት ነው። በከንቲባው ጽሕፈት ቤት በር ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ «ታሪካዊ የገጠር ቤት፥ ከነተጓዳኝ ቤቶቹና ከነግቢው» ይል ነበር። የርግብ ቤቱን፥ ጋጣውን፥ የፖም መጭመቂያውን ሁሉ በየስሙ ጠርቶ፥ የዳቦ መጋገሪያዪቱን ቤት «ሊታደስ የሚችል» ብሎ አልፏታል። በውስጧ ሰው እንደሚኖርባት አልጻፈም።

የምትኖርባት ወይዘሪት ሶላንዥ ነበረች። የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ናት። አባትዋን አስታማ ቀበረች፤ እናትዋን አስታማ ቀበረች፤ ባል ሳታገባ ሸመገለች። የትልቁ ቤት ጣራ ማፍሰስ ሲጀምር አልጋዋን ወደ ዳቦ መጋገሪያዪቱ አዛወረች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ምድጃውን ካነደደችው ግድግዳው እስከ ሳምንቱ እኩሌታ ሙቀቱን አይለቅምና። ወንድምዋ ጎንትራን ግን ገና በጎልማሳነቱ ወደ ሊዮን ሄዶ በዚያው ቀረ። ለአባቱ ቀብር የደረሰው አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ነው።

እናታቸው ከሞተች በኋላ ጎንትራን ድርሻውን ጠየቀ። በሕጋችን ማንም ሰው በጋራ ርስት ውስጥ ያለ ውዴታው እንዲቆይ አይገደድም። ሶላንዥ ድርሻውን የምትከፍልበት ስላልነበራት ዳኛው ቤቱ ይሸጥ ብሎ ፈረደ። እርስዋም ከፍርዱ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ፈለገች፤ ይኸውም በዚያች አንዲት ክፍል ኖራ በዚያች ክፍል መሞት ነው።

ተስፋዋ አንሴልም ፖትሮ ነበር። የግጦሽ መሬቱ ከላ ሞርዲዬር ጋር በአንድ አጥር ይዋሰናል። በኅዳር መጀመሪያ ጫማውን በር ላይ ጠርጎ ገባና ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ ተቀመጠ።

«ወይዘሪት፥ መሬቱን እኔ እፈልገዋለሁ። ትልቁ ቤትማ ለሌሊት ወፍ ካልሆነ ለማን ይሆናል? እርስዎ ግን ከዚህች ክፍል ንቅንቅ አይሉም።»

«ሚስትህስ ምን ትላለች?»

«እሷማ ‹ወይዘሪትን ካስወጣህ እኔም ተከትያቸው እወጣለሁ› ብላለች። ሁለታችሁም ከሄዳችሁ ሾርባ ማን ያበስልልኛል?»

ሶላንዥ መሳቅ አታዘወትርም፤ ያን ቀን ግን ሳቀች። «አንተ ልጅ፥ አባትህም እንዲሁ ነበር። ቁም ነገሩን በቀልድ ጠቅልሎ ነበር የሚሰጠው።»

አንሴልም ቃሉን የሚበላ ሰው አልነበረም። እንስሳቱን ሸጦ፥ ከባንክ ጋር ተዋውሎ ተዘጋጀ። ነገር ግን በመንደራችን ከሕግ የጸና አንድ ልማድ አለ፦ የቤቱ ደም በሐራጅ ላይ ድምፁን ካሰማ ሌላው ሁሉ ባርኔጣውን በጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ዝም ይላል። ልጅ ለአባቱ ቤት ሲጫረት በላዩ የሚጨምር ሰው በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሰላምታ አያገኝም። በአያቶቻችን ዘመን ይህን ያደረገ አንድ ባለወፍጮ ነበረ ይባላል፤ ሲሞት ሬሳውን የሚሸከሙ ሰዎች የመጡት ከሌላ መንደር ነው። ልማዱ መልካም ልማድ ነበር፤ ድሃውን ወራሽ ከባለጠጋው ይጠብቅ ነበርና። ሆኖም ወራሹን «ለማን ነው የምትገዛው?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ይሉኝታ በሩን ከፍቶ የሚተወው በዚህ በኩል ነው።

በሐራጁ ቀን ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞላ። ከፓሪስ የመጡ ባልና ሚስት፥ ማንም የማያውቀው ግራጫ ካፖርት የለበሰ ሰው፥ የቀረው የመንደሩ ሰው ነበረ። ጎንትራን ሲገባ ማዳም ሪጎዶ፥ የመጠጥ ቤቱ ባለቤት፥ ድምፅዋን ዝቅ ሳታደርግ፦

«እዩት እዩት! ለአባቱ ቀብር ያልደረሰው ለሽያጩ ከረባት አስሮ መጣ!»

«ኧረ ቀስ በይ፥ ይሰማሻል» አላት ባልዋ።

«ይስማ! ከሊዮን ሲመጣ ጆሮውን ይዞ ከመጣ።»

ጎንትራን ግን እኅቱን ግራና ቀኝ ጉንጭዋን ሳመና አጠገብዋ ተቀመጠ። 

ውል አዋዋዩ ሙሴ ታርዲቮ ጨረታውን ከፈተ። የፓሪሶቹ ጥቂት ተከትለው ሚስቲቱ የባልዋን እጅጌ ስትጎትት ተዉት። ከአንሴልም በላይ የሚጠራ ጠፋ፤ ሙሴ ታርዲቮም የመጀመሪያዪቱን ሻማ ለኮሰ። ሶላንዥ ዓይንዋን ከነበልባሏ ላይ አልነቀለችም።

«እጨምራለሁ» አለ ጎንትራን።

ድምፁ የአባቱ ድምፅ ነበር፤ የሰሙት ሽማግሌዎች ሁሉ ቀና አሉ። ሙሴ ታርዲቮ ሻማዪቱን አጥፍቶ ለአዲሱ ዋጋ እንደ ገና ሌላ የመጀመሪያ ሻማ ለኮሰ። አዳራሹ ተንሾካሾከ፤ ማዳም ሪጎዶ እንኳ እጅዋን በአፍዋ ላይ ጫነች። ጎንትራን መዳፉን በእኅቱ እጅ ላይ አሳረፈ።

ሶላንዥ ይህን መዳፍ ስትጠብቅ ዕድሜዋ አልቋል። ወንድምዋ አንድ ቀን ልቡ ወደ ቤቱ ይመለሳል ብላ ታምን ነበር፤ ያመነችበትም ማስረጃ ኖሯት ሳይሆን ያለዚያ መኖር ስላልቻለች ነው። ፊትዋ ቀላ። አንሴልም ግን ልማዱን ቢያውቅም ቃሉ ከበደው፤ እጁን እስከ ትከሻው አንሥቶ፥ ዘወር ብሎ አያት። ያን ጊዜ እርስዋ ከጉልበትዋ ላይ ሁለት ጣትዋን ብቻ አነሣች። ተው፥ ማለትዋ ነበር።

አንሴልም እጁን አወረደ። ባርኔጣውን በጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

የመጀመሪያዪቱ ሻማ ጠፋች። ሁለተኛዪቱ ተለኮሰች። «የሚጨምር አለ?» አለ ሙሴ ታርዲቮ፤ ከኋላ አንድ ሰው ሳለ እንጂ የመለሰ አልነበረም። አዳራሹ በሙሉ ደስ ብሎት ዝም አለ። ማዳም ሪጎዶ ዓይንዋን በመሐረብ እየጠረገች «ደም እኮ ደም ነው» አለች። ጭሱ ቀጥ ብሎ ወጣ። ከሁሉ ቀድሞ ተነሥቶ ካፖርቱን የቆለፈው ግራጫ ለባሹ ነበር፤ ይህንንም ያስተዋለ አልተገኘም።

ደጅ ላይ አንሴልም ባርኔጣውን አወለቀ። «እንኳን ደስ ያለዎ፥ ወይዘሪት። ቀድሞ ቢነግሩኝ ኖሮ ላሞቼን አልሸጥም ነበር።»

«እኔስ መች አወቅሁ!» አለች፤ እንደ ልጃገረድ አፈረች። ከዚያም ወደ ወንድምዋ ዞር ብላ «ጎንትራን፥ ዛሬ እደር። ምድጃው ሙቅ ነው።»

«ሥራ አለብኝ፥ ሶላንዥዬ።»

«እንግዲያው ስትመለስ አስቀድመህ የአባባን ክፍል ጣራ አስጠግን።»

«እሱ ይታያል» አለና መኪናውን አስነሣ።

እርሱ አልዋሸም። የጠየቀው አልነበረምና መዋሸት አላስፈለገውም። እንዲህ ያለው ሰው ከሐሰተኛ ይከፋል፤ ሐሰተኛ ቢያንስ የገዛ ምላሱን ያረክሳል፥ ይህ ግን የሌሎችን ጨዋነት መሣሪያ አድርጎ የራሱን እጅ በንጽሕና ይዞ ይሄዳል።

በሕጋችን በሐራጅ ያሸነፈ ሰው የተጫረተው ለሌላ እንደ ሆነ፥ የዚያን ሌላ ስም እስከ ማግሥቱ ማስታወቅ ይችላል። በማግሥቱ ሙሴ ታርዲቮ ራሱ ወደ ዳቦ መጋገሪያዪቱ መጣ። ሶላንዥ ዱቄት ባለበት እጅዋ ወንበር ጠረገችለት፤ እርሱ ግን አልተቀመጠም።

«ወይዘሪት፥ ወንድምዎ የገዙት ለራሳቸው አይደለም።»

«ለእኔ ነው?»

ሙሴ ታርዲቮ መሬት መሬቱን አየ። «ሰርግ ለሚደግስ ድርጅት ነው። ባለቤቱ ትናንት አዳራሽ ውስጥ ነበሩ፤ ግራጫ ካፖርት የለበሱት።»

«እርስዎ ያውቁ ነበር?»

«ማታ ነው የነገሩኝ። ሕጉ ይፈቅዳል።»

«ሕጉን አልጠየቅሁዎትም» አለችና ወደ ቡሆዋ ተመለሰች። የጀመረችውን ጋገረች፤ ዳቦው ለማን እንደ ሆነ ግን አታውቅም ነበር።

ድርጅቱ በትሕትና ደብዳቤ፥ የዳቦ መጋገሪያዪቱ ለሙሽሮች መልበሻ ስለምትፈለግ እንድትለቅ ለመናት። አንሴልም በትራክተሩ ጋሪ መጣ። ወደ ወረዳው ከተማ፥ ወደ አረጋውያን መጦሪያው የሚያደርሳት እርሱ ነበር። አልጋዋንና ሣጥንዋን ጫነ። ዳቦ ማስገቢያው ረጅም የእንጨት አካፋ በመጦሪያው ክፍል ውስጥ ስለማይቆም ግድግዳው ላይ እንደ ተደገፈ ቀረ። አመዱን ግን ራስዋ ጠርጋ አወጣችው።

«እጄን አንሥቼ ነበር እኮ» አለ አንሴልም፥ ገመዱን እያጠበቀ።

«አውቃለሁ። ያወረድኋት እኔ ነኝ።»

«ልጠይቀው ይገባኝ ነበር።»

«አንተማ ማዶ ነበርህ። እኔ እጁን ይዤው አልጠየቅሁትም።»

 አንሴልም እሑድ እሑድ ሊጠይቃት ይሄዳል፤ ስለ ቤቱ አታነሣም፥ እርሱም አያነሣም። መስኮትዋ መኪና ማቆሚያ ያሳያል። አካፋውን ድርጅቱ በቫርኒሽ ወልውሎ ከምድጃው በላይ ሰቅሎታል፤ ሙሽሮች ከሥሩ ፎቶግራፍ ይነሣሉ።

በተከታዩ የጸደይ ወራት ከወንዙ ማዶ ያለው የቀድሞው ባለወፍጮ ቤት ለሐራጅ ቀረበ። ከአውራጃው ከተማ የመጣ የቤቱ የልጅ ልጅ ድምፁን አሰማ። በአዳራሹ የነበረ ሰው ሁሉ ላ ሞርዲዬርን ያስታውስ ነበር። ሙሴ ታርዲቮ የመጀመሪያዪቱን ሻማ ለኮሰና ወደ ሕዝቡ ተመለከተ። ባርኔጣዎቹ አንድ በአንድ በጉልበቶች ላይ ዐረፉ፤ የአንሴልምም ዐረፈች።

ማንም አልጠየቀም።